የአቶ ትዕዛዙ የእንጨት ትምህርት

በሞላሌ ገበያ፣ እንጨት ከሚሸጡት ሁሉ ይልቅ እንጨት ሸጠው የማያውቁት አቶ ትዕዛዙ ይታወቃሉ። በገበያ ቀን ማልደው ይመጡና የባሕር ዛፍ ፍልጥ ከሚደረደርበት ቦታ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይቆማሉ። አይሸጡም፣ አይደልሉም፤ ይመክራሉ። ምክር ያልጠየቀ ገዢ ቢያልፍ እንኳ ጠርተው ይመክሩታል።

መብራት በጠፋበት ሰሞን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሳሌም እንጨት ልትገዛ መጣች።

"ነይ ልጄ፣ ዳር ዳሩን አትዪ" አሏት። "ሻጭ ደረቁን ለዓይን ከዳር ያስርና እርጥቡን መሐል ይደብቃል። ከመሐል ምዘዢ፤ ሁለቱን አጋጪ። ከጮኸ ደረቅ ነው። ዱብ ካለ ውኃ ልትሸከሚ ነው።"

ሳሌም ገበያነሽ ከምትባል ሻጭ ሸክም መሐል ሁለት ፍልጥ መዝዛ አጋጨች። ዱብ አለ።

"አየሽ!" አሉ አቶ ትዕዛዙ፣ ገበያው እንዲሰማ። "ይሄንን ማንደድ ግፍ ነው። ብትተክዪው ይበቅልልሻል!"

ሰው ሳቀ። ገበያነሽ እንጨቷን መልሳ አህያዋ ላይ ጫነች። አልተሳደበችም። አቶ ትዕዛዙ ዝምታዋን እንደ ሽንፈት ቆጠሩት። ሴትዮዋ ግን ትምህርቱን ከማንም በላይ አዳምጣ ነበር።

በወሩ የሚካኤል ማኅበር ተራ አቶ ትዕዛዙ ቤት ደረሰ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጄ፣ "በጓሮ ያከማቸሁት ኩበት ይበቃናል" አሉ።

"ማኅበርተኛ ፊት ኩበት? እንጨት አዋቂው ኩበት አነደደ እንዲሉኝ ነው?"

በቤተ ክርስቲያን ደጅም ለማኅበርተኛው ሁሉ፣ "በዚያ ቀን ከቤቴ ጢስ ከታየ ትዕዛዙ ብላችሁ አትጥሩኝ" ብለው ፎከሩ።

ለእንጨቱ ወደ ገበያነሽ ሄዱ።

"ዳር ዳሩ ረጠብ ብሏል ጋሼ" አለቻቸው። "የትናንት ካፊያ ነው።"

"ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?" አሉና ከመሐል መዝዘው አጋጩ። እንደ ቃጭል ጮኸ። ከሁለተኛውም ሸክም መዘዙ፤ ጮኸ። "ሰው ሆንሽ! ምክሬ ገባሽ።"

"በደንብ ገብቶኛል ጋሼ።"

የማኅበሩ ቀን እንጨቱ ምድጃ ውስጥ ከጫፉ አረፋ እየደፈቀ ያፏጭ ጀመር። ጢሱ ቤቱን ሞላው። ማኅበርተኛው አየር ፍለጋ ወደ መሬት አጎነበሰ።

"አቶ ትዕዛዙ" አሉ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ "የጠሩን ለጠበል ጸዲቅ ነው ወይስ ለስግደት?"

"ምድጃው ነው!" አሉ አቶ ትዕዛዙ እያሳሉ። "እንጨቱን እኔው ነኝ የመረጥኩት፤ ምንም የለበትም። ጠጄ ምድጃውን አጣማ ሠርታው ነው።"

ወይዘሮ ጠጄ ፍልጡን እየጎተቱ ደጅ ጣሉት፤ ከጓሮ ኩበታቸውን አምጥተው እዚያው ምድጃ ውስጥ ለኮሱ። ጢሱ ሳሳ፣ ወጡ ተንተከተከ። ማኅበርተኛው ቀና አለ። ምድጃውን አየ፤ ደጅ የተጣለውን ፍልጥ አየ። አቶ ትዕዛዙን ግን ይሉኝታ ይዞት አላየም።

እንግዶቹ ሲሄዱ አቶ ትዕዛዙ ያልተነካውን ሁለተኛ ሸክም ፈትተው ፍልጡን አንድ በአንድ አጋጩ። ከመሐል ያሉት ስድስቱ ብቻ ጮኹ። ሌላው ሁሉ ትናንት የተቆረጠ ይመስል ነበር። ገበያነሽ እሳቸው ባስተማሩት መንገድ፣ ገልብጣ አስራላቸዋለች።

በሚቀጥለው ገበያ ቦታቸው ላይ ቆሙ። ሳሌም መጣችና በገበያነሽ ሸክም ላይ አጎነበሰች።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ምድጃ ነው አሉ ያስቸገረው። እንጨቱንስ እንዳሉኝ ከመሐል ልምዘዝ?"

አቶ ትዕዛዙ አፋቸውን ከፈቱ። "ከዳር" ቢሉ፣ ማን እንደተታለለ፣ ምድጃውም ያለ ጥፋቱ እንደተከሰሰ ገበያው ሁሉ ሊያውቅ ነው።

"ይንገሯት እንጂ ጋሼ" አለች ገበያነሽ፣ ገመዷን እያላላች። "ትምህርቱ የእርስዎ አይደል?"

አቶ ትዕዛዙ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ከመሐል ምዘዢ" አሉ።

ሳሌም መዝዛ አጋጨች።

"ይጮኻል!" አለች ደስ ብሏት።

"ይጮኻል" አሉ አቶ ትዕዛዙ፣ ፊታቸውን ወደ ጓሳ ተራራ አዙረው።