የተገለበጠው ዐይነ ርግብ

ይኼን ገመድ እስቲ አሽትቺው። አትሳቂ! አፍንጫሽን ጠጋ አድርጊና አሽትቺው። መጀመሪያ የሚመጣልሽ የጧፍ ሽታ ነው፣ ቀጥሎ ዝናብ የመታው በግ። ባለፈው ወር ከእናቴ ቤት ቆጥ ላይ ያንን የመስኮት መጋረጃ ሳወርድ ይኼው ሽታ ፊቴን መታኝና መሰላሉ ላይ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። እማዬ ከታች ሆና «ምነው ዝም አልሽ? ወደቅሽ እንዴ?» ትለኛለች። የወደቀ ሰው ዝም ይላል እንዴ! አፍንጫዬን መልሼ ገመዱ ላይ ቀበርኩት።

ያደግኩት ሞላሌ ነው፣ ታውቂያለሽ። አባቴ ቄስ ነበሩ። እኛ ልጆቻቸው አባባ እንላቸዋለን፣ እማዬ ደግሞ «ቄሱ» ትላቸዋለች፤ ስትቆጣቸውም «ቄሱ»፣ ስታቆላምጣቸውም «ቄሱ»፣ ልዩነቱን በድምጿ ነው የምናውቀው። አባባ ዳዊቱን በቃላቸው ነው የሚደግሙት። ወንጌሉንም ቢሆን ከዓመት ዓመት ሲያነቡት ኖረው ገጹ ከነነጠብጣቡ ጭንቅላታቸው ውስጥ ተቀምጧል። በኋላ ጉድ ያመጣብን ይኼ በቃል ማወቃቸው ነው።

ግራ ዐይናቸው ድሮ በልጅነታቸው አውድማ ላይ የገብስ እብቅ ገብቶበት ከዚያ ወዲህ ብዙም አይረዳቸውም። ተስፋቸው ቀኙ ነበር። እሱን ደግሞ ሞራ ቀስ እያለ ሲጋርደው ለማንም ሳይናገሩ ቀሩ። መጽሐፉን ይዘው ይቆማሉ፣ ገጹን ይገልጣሉ፣ የሚያነቡት ግን ከጭንቅላታቸው ነው። ማን ያውቅባቸዋል? አንድ የጾም ሰንበት ላይ ግን፣ ዕለቱ ኒቆዲሞስ ሆኖ ሳለ፣ አባባ የደብረ ዘይትን ወንጌል ጀምረው እስከ መጨረሻው ወረዱት። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አጠገባቸው ጧፍ ይዞ የቆመው ዲያቆን ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኔ ከሴቶች በኩል ቆሜ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩት።

ቤት ስንገባ እማዬ በሩን እንኳን ሳትዘጋ «ቄሱ፣ መጽሐፉ ላይ ምን እያዩ ነበር?» አለቻቸው።

አባባ መደቡ ላይ ተቀመጡ። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጉም» አሉ። እንደዚህ ብቻ። ቀጥለውም «ከእንግዲህ ወንጌል አልይዝም። ያላየሁትን አነበብኩ ብዬ ሕዝብ ፊት አልቆምም» አሉ። አባባ እንዲህ ካሉ አሉ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምናወራው።

ደብረ ብርሃን የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ መጥቶ ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ በመጨረሻም አልቅሶ ወደ ሐኪም ወሰዳቸው። ዐይናቸው ተሠራ። ግን ሐኪሙ ሞራው ብዙ ስለቆየ እርግጠኛ ሆኖ መናገር እንደማይችል ለወንድሜ ነግሮታል። ማሸጊያውን ቤት ገብተው በማግስቱ ጠዋት እንድንፈታላቸው፣ ጠብታ እንድንጨምር፣ ውሃ እንዳይነካቸው፣ እንዳያጎነብሱ፣ ኃይለኛ ብርሃንም በድንገት እንዳይመታቸው አዟል። ይኼ የመጨረሻው ነው ያስጨነቀን። ከኛ ቁልቁል ያለው ጎረቤታችን ቤቱን አዲስ ቆርቆሮ አልብሶት ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ ወጣ ስትል የሱ ቆርቆሮ ነጸብራቅ በመስኮታችን ይገባና ቀጥ ብሎ አባባ አልጋ ላይ ይተኛል።

መስኮቱን እንዝጋው ብለን ነበር። እማዬም ባናዋን አምጥታ ልትሰቅልበት ተነሣች። አባባ ግን አሻፈረኝ አሉ። «ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ፈትታችሁኝ ምን ልመለከት ነው? ማየቴንስ በምን አውቃለሁ?»

ወንድሜ ለዚህ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። የሚሠራበት መሥሪያ ቤት መጋረጃ ሲቀይር አሮጌውን ጥሎት፣ እሱ ለምኖ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ አምጥቶታል። አይተሽው ታውቂያለሽ፣ ያ ስስ ስስ የፕላስቲክ ቅጠል ተደርድሮ በገመድ የሚወጣና የሚወርደው፣ ገመዱን ሳብ ስታደርጊው ቅጠሉ የሚጋደመው። ወንድሜ እንደ አዋቂ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ብላይንድ ነው የሚባለው» አለ።

እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እንግሊዝኛው ብዙም ባይሆንልኝ ይቺን ቃል ግን አውቃታለሁ። አባባ ዐይናቸው እንደታሸገ ወደኔ ዞረው «አንቺ ተማሪዋ፣ ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«ጥላ ማለት ነው፣ አባባ» አልኩ።

ወንድሜ ደግሞ፣ አፉ መቼ ያርፋል፣ «ኧረ ዕውር ማለት ነው!» ብሎ አረፈው። እማዬ በቡጢ ጀርባውን ነረተችው። አባባ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እሰይ! ዕውሩን በዕውር ልታክሙ ነዋ!» ከኒቆዲሞስ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

እማዬ ግን ያ ቃል ቤቷ ውስጥ እንዲጠራ አልፈለገችም። «ውጭውን እያሳየ ውስጡን የማያሳይ ከሆነ ዐይነ ርግብ በሉት» አለች፣ ሙሽራ ፊቷ ላይ የምትጥለውን ማለቷ ነው። ስሙ በዚያው ጸና።

ታዲያ ሰቀልነው። እማዬ እስቲ ልሞክረው ብላ ሳብ ብታደርገው፣ ለካ ገመዱን ፀሐይ በልቶት ኖሮ በአንዴ ተበጣጥሶ ቅጠሉ ሁሉ መሬት ላይ ዝርግፍ! አባባ ከአልጋቸው ብድግ ሊሉ ሲሉ ወንድሜ ሮጦ ያዛቸው። «ምንድነው የፈረሰው? ቤቱ ነው?» ይላሉ። እማዬ የተበጠሰውን ጫፍ እንደያዘች መስኮቱ ሥር ቆማ ቀረች። «ወይኔ ጉዴ! ዛሬውኑ? ዛሬውኑ?» ትላለች። ቀኑ ገና ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ማሸጊያው የሚፈታው ነገ ጠዋት ነው።

ሲባጎ ሞከርን፤ በቅጠሎቹ ቀዳዳ አልገባ አለ። የልብስ ክር ሞከርን፤ ክብደቱን አልቻለም። ወንድሜ «በቃ ባናውን እንስቀል» ሲል እማዬ መልስ ሳትሰጠው እንዝርቷን አነሣች። ለባና ያዘጋጀችው የጥቁር በግ ጠጉር ነበራት። ቀጭን አድርጋ ፈተለችው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ገመደችው፣ ምራቋን ቀብታ ጫፉን አሾለችው። ወንድሜ «የቢሮ ዕቃ በበግ ጠጉር! መሥሪያ ቤት ብነግራቸው በሳቅ ይሞታሉ» ይላል። ማንም አልሳቀለትም።

ክሩ ጠንካራ ነበር፤ ግን ጠጉር ጠጉር ነው፣ እየተንጨፈረረ ቀዳዳው አፍ ላይ ይከማቻል። እስኪደክመኝ ስታገለው ቆይቼ ወረወርኩት። ያን ጊዜ አባባ ከአልጋው «ሰም ቀቡት» አሉ። እማዬ «ሰም ከየት ይመጣል?» ስትላቸው፣ «መስቀሌ ካለበት ዘንቢል ውስጥ የጧፍ ቁራጭ አለ» አሉ።

«የቤተ ክርስቲያኑን ጧፍ? ለመስኮት?» እማዬ አማተበች።

«ሴትዮ፣ ጧፉ ከአጠገቤ ቆሞ ይበራ የነበረው ለምን ይመስልሻል? ይቺኑ ዐይን እንዲያሳያት አይደለም? ዛሬም ሥራውን ይሥራ።»

ጧፉን በእጄ ይዤ አሞቅኩት፤ ሰሙ ሲለሰልስ ክሩን ከጫፍ ጫፍ አሸሁበት። ጠጉሩ ልቡን ገዝቶ ተኛ። ከዚያ በኋላ ክሩ ቀዳዳውን እያለፈ ሲሄድ ማየት ራሱ ደስታ ነበር። እማዬ ቅጠሉን ታቀብለኛለች፣ እኔ አሳልፋለሁ፣ ወንድሜ ተረትቶ ቋጠሮውን ያጠብቃል። የተሰነጠቁትን ቅጠሎች የአባባ ዐይን ከታሸገበት ፕላስተር በተረፈው አሸግናቸው። ቤቱ ጧፍ ጧፍ ሲሸት አባባ ቀስ ብለው ማዜም ጀመሩ። ሊጨልም ሲል ሰቅለነው ነበር። ሳንሞክረው ቀረን፤ እማዬ «አትንኩት፣ ነገ ይደርሳል» አለችና።

አሁን አልጋቸውን ልንገርሽ። በጀርባቸው እንዲተኙ ስለታዘዘ ፊታቸው ወደ ኮርኒሱ ነው። ኮርኒሳችን እማዬ ጆንያ እየተረተረች የሰፋችው ነበር፣ የዱቄቱን ከማዳበሪያው፣ የማዳበሪያውን ከስኳሩ እያጋጠመች። ሁላችንም ሥሩ ተኝተን ያደግን፣ ማናችንም ቀና ብለን ያላየነው ነገር ነው።

ጠዋት ፀሐይዋ ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ስትወጣ እማዬ ማሸጊያውን በጣቷ ጫፍ ላጠችው። «ዐይነ ርግቡን ሳቢው» አለችኝ። ሳብኩት። ቅጠሎቹ ወደ ታች ይደፋሉ ስል ወደ ላይ ተንጋለሉ! ያን ሁሉ ስንደክም ገልብጠን ሰክተነዋል። ከቁልቁል የሚመጣው ነጸብራቅ በቅጠሎቹ መሀል ሽቅብ ወጥቶ ኮርኒሱን በሙሉ ቦግ አደረገው። እማዬ «አጠፋነው! ዝጊው! ዝጊው!» ትላለች። እኔ ገመዱን ብስበው ብለቀው ሰሙ ይዞት አልንቀሳቀስም አለ።

«ተይው» አሉ አባባ።

አልጋቸው ላይ ብርሃን አልነበረም፤ ሁሉም ከላያቸው ነው ያለው። ዐይናቸው ተገልጧል፣ ግን ወዴት እንደሚያይ አላውቅም። ወንድሜ የዳዊታቸውን መጽሐፍ አንሥቶ ሊያቀርብላቸው ሲል እማዬ እጁን ያዘችው። ገባኝ። ዳዊት ቢሰጧቸው ይደግሙታል፤ አይተው ይሁን በቃላቸው ማናችን እንለያለን? እሳቸውስ ራሳቸው ይለዩታል? እንዲሁ ቆመን ስንጠብቅ አባባ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ፣ አንድ አንድ እያሉ፦

«ከ… እር… ጥ… በት…»

እማዬ «ምን አሉ ቄሱ? ዐይንዎን ውሃ ነካው እንዴ?» ብላ ነጠላዋን ይዛ ጎንበስ አለች።

«ከእርጥበት… ይጠበቅ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ከራሳቸው በላይ፣ የዱቄት ጆንያው ላይ፣ የደበዘዘ ሰማያዊ ጽሑፍ፦ ከእርጥበት ይጠበቅ። እንዲያው ልንገርሽ፣ እሱን በቃሉ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም! «አነበቡት!» ብዬ ጮህኩ፣ «እማዬ፣ አነበቡት!» ወንድሜ ዳዊቱን እንደታቀፈ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊደል የማታውቀው እማዬ የቱ ጋ እንደሆነ አሳይታችሁኝ ሙቱ ብላ አፈጠጠችብን፤ አባባ በጣታቸው አሳዩዋት። እኔ እንባዬ መንጋጋዬ ላይ ሲንጠባጠብ አዩና፣ አዎ፣ አዩና፣ «አንቺንም ነው» አሉኝ። «ከእርጥበት ይጠበቅ።»

ወንጌሉን መልሰው ያዙ። የሚያውቁትንም ቦታ ቢሆን ዐይናቸውን ፊደሉ ላይ ሳያሳርፉ አያልፉም ነበር፤ ቅዳሴው ረዘመ ብለው ያሟቸው ሰዎች ነበሩ። ያቺ ቃል ደግሞ የቤታችን ሆነች። እኔ ለትምህርት ስሄድ መናኸሪያ ቆሜ ስነፋረቅ «ከእርጥበት ይጠበቅ!» ብለው ሰው ሁሉ ፊት አዋረዱኝ። ስዳር እማዬ ስታለቅስ እሷንም አሏት። ሲያርፉ ግን፣ ያን ቀን ሁላችንም ስናለቅስ፣ የሚለን ሰው አልነበረም።

ይኸው ዘንድሮ ደግሞ ሞራው ወደ እማዬ መጣ፤ ሁለቱንም ዐይኗን ጋረደው። እኛ ቤት ወረፋ ነው እንግዲህ። አንዱ ዐይኗ ተሠርቶ ሞላሌ ስመልሳት ወንድሜ አዲስ ወፍራም መጋረጃ ገዝቶ ጠበቀን፤ አመስግኜ አስቀመጥኩት። ከቆጡ ያንን ዐይነ ርግብ አወረድኩ። አንዱ ክር ሳስቶ ስለነበር በአዲስ ተካሁት፤ ጧፍ አሸሁበት፤ አሁን የያዝሽው የድሮው ቁራጭ ነው። ስሰቅለው ደግሞ አስቤበት፣ ሆን ብዬ፣ ገልብጬ ሰቀልኩት።

ጠዋት ማሸጊያዋን ፈታሁላት። ገመዱን ሳብኩት። ብርሃኑ ሽቅብ ወጣ፣ ጆንያው በራ፣ ሰማያዊው ጽሑፍ ከድሮው የበለጠ ደብዝዞ እዚያው አለ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አባባን አሰብኩ፣ እንባዬ መጣ፤ ድምፄን ግን አላሰማሁም።

«ከእርጥበት ይጠበቅ» አለች እማዬ።

ልቤ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ተመለሰ። ይቺን እንደሆነ በቃሏ ታውቃታለች። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታታለች፤ ጆንያው የት እንዳለም ዐይኗን ጨፍና ትጠቁመኛለች። እንደ አባባ በምን አውቅላታለሁ? ድምፄን እንደምንም አስተካክዬ «ጽሑፉ ይታይሻል፣ እማዬ?» አልኳት።

«የምን ጽሑፍ?» አለች። እጇን ዘርግታ፣ ሳትዳስስ፣ ሳትስት፣ ቀጥ ብላ ጉንጬ ላይ አሳረፈችው። «አንቺን እኮ ነው። ፊትሽን ጥረጊ።»