የሽማግሌው በቅሎና የእኔ ውይይት

ዛሬ ቸርችል ጎዳና ላይ በረዶ ሲጥል የሱቅ በረንዳ ስር ተጠለልኩ። አጠገቤ ያለች ልጅ «ሲያምር!» ስትል እኔ የድሮ ጥፋቴ ትዝ ብሎኝ በሀፍረት አንገቴን ደፋሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ገበሬውን እንድናስተምር ለዘመቻ ሰሜን ተራራ ተልከን ነበር። መንገድ የሚመሩን ሽማግሌ ገበሬ «ልጆቼ፣ ሌሊት የጣለው በረዶ ፀሐይ ሳያገኘው ቁልቁለቱን እንለፍ፤ ከሞቀ ይናዳል» አሉን።

ያኔ እኔ የማውቀው ቁልቁለት ከፒያሳ ለገሃር የሚወስደውን ብቻ ነበር። ግን «አባባ፣ መጀመሪያ ውይይት!» ብዬ ስለ ኋላ ቀር እምነት እስከ ረፋድ አስተማርኳቸው።

መንገድ ስንጀምር በረዶው ተናደ። እኛ ለጥቂት ተረፍን፤ ሽማግሌው ያለቻቸው አንዲት በቅሎ ግን ገደል ገባች።

አልተቆጡኝም። «ትምህርቱ ካለቀ እንሂድ» አሉ።

ይቅርታ እንኳን አልጠየቅኳቸውም።

እናንተስ፣ ሳታውቁ የሚያውቅ ሰው አስተምራችሁ ታውቃላችሁ?