ሐሙስና ቅዳሜ የሚመጣው ሙቀት

ሰኞ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል፣ አዲስ አበባ

ላንድሮቨሯ ደጄ ላይ ስትቆም ሰማዩ ገና አልገላለጠም። የጥር ብርድ ነው። ሾፌሩ መኰንን በካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ እጁን ያፍተለትላል። እኔንም በረደኝ። በረደኝ ብዬ የምጽፈው ለወሬ አይደለም፤ ደስ ስላለኝ ነው። እንደ ሰው መብረድ ብርቅ ከሆነብኝ ዓመት አልፎ ነበር።

ይህ ማስታወሻ መጀመሪያ የተጻፈው ለአንባቢ ሳይሆን ለሐኪም ነው። ዘመኑ የደርግ፣ እኔም የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ነበርኩ። ሥራዬ የአየር ጠባይ ጣቢያዎችን እየዞሩ መቆጣጠር ነው፤ ቴርሞሜትሩ ተሰብሯል ወይ፣ የዝናብ መለኪያው ዝጓል ወይ፣ መዝጋቢው በሰዓቱ ያነባል ወይ? ሃያ ዓመት የአገር ሙቀት ሳስለካ ኖሬ፣ ካረጥኩ ወዲህ ሙቀቱ እኔው ውስጥ ገባ። ከደረቴ ይነሳና አንገቴን፣ ፊቴን፣ ጆሮዬን ያነደዋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ በላብ አጥምቆኝ ይሄዳል። እንቅልፍ የለም። አንዴ ስብሰባ መሀል የምናገረው ጠፍቶኝ ሰው ሁሉ እያየኝ ቆሜ ቀረሁ።

ሐኪሜ የሆርሞን ኪኒን አዘዘልኝ። ወረቀቱ «በየቀኑ አንድ፣ ከቁርስ በኋላ» ይላል። ማህፀኔ ስላለም በየወሩ ለአሥራ ሁለት ቀን የምትጨመር ሌላ ኪኒን አለች። ባለፈው ሁዳዴ «አልሠራልኝም» ብዬው ሁለት አደረገልኝ። ከፋሲካ በኋላ ጡቴ አበጠ፣ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፤ ወደ አንድ መለሰኝ። ከሰኔ ወዲህ ሙቀቱ እንደገና መጣ።

«የእርስዎ ሰውነት ግራ አጋባኝ» አለኝ በመጨረሻ። «ሙቀቱ በመጣ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉልኝ። ለአንድ ወር። ለውጥ ካላየሁ ኪኒኑን እናቆማለን።»

ሦስቱን ሳምንት አዲስ አበባ ሆኜ ጻፍኩ፤ አራተኛው ጂንካ ላይ ዋለ። ደብተሩ ውስጥ በታይፕ የተመታ ማመልከቻ አጥፌ ይዣለሁ፤ ከመስክ ሥራ ወደ ቢሮ እንድዛወር የሚጠይቅ። ገና አልፈረምኩበትም። ኪኒኑ ካልሆነልኝ እፈርማለሁ። መንገድ እወዳለሁና ያቺ አንዲት ወረቀት ከመለዋወጫ ጎማው በላይ ትከብደኝ ነበር።

ዝዋይ ላይ ቁርስ በልቼ ኪኒኔን ዋጥኩ። ሙቀት፣ ሻሸመኔ ላይ አንድ ጊዜ፣ ቀላል።

ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ አርባ ምንጭ

ሙዝ በእቅፍ ገዛን፣ አንድ ብር። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል። ከተማው መውጫ ኬላ ላይ ጠባቂው የይለፍ ወረቀታችንን ገልብጦ አየና የቴርሞሜትሩን ሣጥን አስከፈተ።

«ምን ይለካል ይሄ?»

«ሙቀት።»

«ለሙቀት ደግሞ መሣሪያ ምን ያደርጋል? እኛን ቢጠይቁን አንነግርዎትም?»

እስከ ኮንሶ መንገዱ አቧራና ኮረት ነው፤ የድንጋይ እርከኖቹ ግን ዓይን ያጠግባሉ። ሙቀት፣ አንድም ጊዜ የለም። መኰንን «ዛሬ ተጫውተዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ስለ እያንዳንዱ እርከን ስጠይቀው ውዬ ነበር።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ወይጦ

ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው። ግራር፣ ግራር፣ ደግሞ ግራር። መኰንን ከድልድዩ ማዶ ካለችው ዳስ የፍየል ጥብስ አስጠብሶ በላ። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ወንዙን አየሁ። ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።

ሙቀት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ሁለት ጊዜ።

ሐሙስ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ቀይ አፈር

የገበያ ቀን ነው። በና፣ ፀማይ፣ አሪ፣ ከደጋ የመጣ የጨርቅ ነጋዴ፣ ሁሉም እዚህ ተገናኝቷል። ቅቤ፣ ማር፣ ለገላ የሚቀባ ቀይ አፈር በቅጠል የተጠቀለለ፣ የቅል ክምር። ከቡና ገለባ የሚፈላውን ሸፈሮ በቅል ሰጥተውኝ ገና ሁለቴ እንደተጎነጨሁ ሙቀቱ ከደረቴ ተነሳ። ዛሬ ሲመጣ አምስተኛው ነው።

ቅል የምትሸጥ የበና ሴት አየችኝ። ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች። ውሃ በቅል አንስታ የእጄ አንጓ ላይ አፈሰሰችልኝ፣ ከዚያ በሣቅ አንድ ነገር ተናገረች። ጨርቅ ነጋዴው አስተረጎመልኝ።

«እሷንም ሁለት ክረምት አንድዷታል። አሁን ትቷታል ነው የምትል።»

«ምን አድርጋ ተዋት በልልኝ?»

ጠየቃት። ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ምንም። ደክሞት ነው ትላለች።»

የእኔ ግን የሚደክም አይመስልም። ለመሞከር ያህል ቴርሞሜትር አውጥቼ ጥላ ውስጥ ሰቀልኩ። የቀይ አፈርን ሙቀት በትክክል ነገረኝ፤ የእኔን አልነገረኝም። ወደ ጂንካ ስንወጣ መስኮቱን ስከፍትና ስዘጋ መኰንን «እትዬ አስካለ፣ መኪናዋን ጉንፋን አስያዟት እኮ» አለኝ። ሣቅሁለት። በልቤ ግን ማመልከቻውን እየፈረምኩ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ጂንካ

ትናንት ቴርሞሜትሮቹን ስመረምር ዋልኩ፤ ዛሬ ተራው የመዝገቡ ነው። ጣቢያው በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ዳር ነው። አውሮፕላን የሚመጣ ቀን ከብቶቹ ይባረራሉ፣ በቀረው ጊዜ ሜዳው የእነሱ ነው። መዝጋቢው ዳንኤል የአሪ ልጅ ነው፣ ሠላሳ አልሞላውም። ነጩን የቴርሞሜትር ሣጥን ቀብቶታል፣ ሣሩን አጭዶታል፣ ጽሑፉ የታይፕ ያህል ይነበባል። እንዲህ ያለ መዝጋቢ ሳገኝ ደስ ይለኛል።

ያለፈውን መጋቢትና ሚያዝያ ገለጥኩ፣ የዝናቡን ወራት። ጣቴን ወደ ታች አወረድኩ። እሑድ ዜሮ፣ ሰኞ ብዙ። እሑድ ዜሮ፣ ሰኞ ብዙ። እስከ ግንቦት ድረስ እንዲሁ ነው።

«ዳንኤል፣ ጂንካ ላይ እሑድ እሑድ አይዘንብም?»

ጫማውን አየ። «እትዬ፣ ምሳ እኛ ቤት ነው። እዚያ እነግርዎታለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ዳንኤል ቤት

ጎደሬ ቅቅል፣ ጎመን፣ ትኩስ ቆጮ። ሚስቱ ማርታ ጤና ረዳት ናት፤ ነጭ ጋውኗ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ዳንኤል በሩን ገርበብ አድርጎ ተናገረ።

«ጸሎት ቤታችን ተዘግቷል። አሁን የምንሰበሰበው ገጠር፣ ወንድሞች ቤት ነው። ሩቅ ነው፣ በእግር ነው። እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ ሆኜ ዝናብ መለካት አልችልም። ምክንያቱን ደግሞ መዝገብ ላይ አልጽፍም። ስለዚህ ዜሮ ጻፍኩ።»

«ባዶ ብትተወው ይሻል ነበር» አልኩት በተቆጣጣሪ ድምፄ። «ያልለካኸውን ዜሮ ስትለው ዝናቡ አልዘነበም ማለት ነው፤ የእሑዱም ሰኞ ላይ ይደመራል። እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን በዚህ ዜሮ ስንት ነገር እናሰላለን!»

ቃሌን ሳልጨርስ ሙቀቱ ያዘኝ። ላቡ በአገጬ ተንጠባጠበ። ዳንኤል ውሃ ሊያመጣ ወጣ። ማርታ ጎኔ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ በቀስታ።

ከሐኪሜ በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት፤ ደብተሩንም ሰጠኋት። እኔ ጠዋት እንዳደረግሁት ጣቷን በገጹ ላይ ወደ ታች አወረደች። ገለጠች፣ ደግማ አወረደች።

«እትዬ፣ ሰኞ ትንሽ ነው። ማክሰኞ የለም። ሐሙስና ቅዳሜ ብዙ። አራቱም ሳምንት እንዲህ ነው። ረቡዕና ዓርብ ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም። እጾማለሁ።»

«ኪኒኑንስ?»

«ኪኒኑማ ከቁርስ በኋላ ነው የተባለው። ቁርስ ከሌለ…»

ያለፈው ዓመት በሙሉ ከፊቴ ተዘረጋ። በሁዳዴ ጠዋት የምበላው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሆነ፣ የምውጠውም ያኔ ብቻ ነበር፤ ዶክተሩም አልበቃትም ብሎ እጥፍ አደረገው። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ እጥፉን በየቀኑ ዋጥኩና ታመምኩ። የተባልኩትን ሳላዛንፍ የምፈጽም ይመስለኝ ነበር። ዶክተሩ ስለ ጾም አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም፤ ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ ጾሙን ዝም ብሎ ነው የሚጾመው።

«ያልዋጡትን እንደዋጡት አድርገው ነው ለዶክተሩ የነገሩት» አለች ማርታ። ቀጥላ ፈገግ አለችና «ዜሮ ጻፉ ማለት ነው» አለች።

አፈርኩ። እውነት አፈርኩ። ሃያ ዓመት የሰው መዝገብ ሳርም የኖርኩ ሴት! ቀጥሎ ሣቄ መጣና ማቆም አቃተኝ፤ ዳንኤል ውሃውን ይዞ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ።

«መጠኑን እኔ አልነካም፣ እሱ የዶክተርዎ ነው» አለችኝ ማርታ። «ግን በጾም ቀንም እራት ይበላሉ አይደል? ሁልጊዜ ከእራት ጋር ይዋጡት፣ ጾምም ሆነ ፍስክ። ሲመለሱ ደግሞ ሁሉንም ይንገሩት።»

እሑድ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ጂንካ

ሌሊት ሲያካፋ አድሯል። ዳንኤልና ማርታ ለመንገድ ለብሰው ጣቢያው ድረስ መጡ። መለኪያውን አብረን አነበብን።

«ሦስት ሰዓት ካልሆነልህ በ12 ለካ፤ ግን 12 ሰዓት ብለህ ጻፍ» አልኩት። ምክንያቱን ሪፖርቴ ላይ አላሰፈርኩም።

ሲሄዱ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። በቀይ እስክሪብቶ በዳንኤል መዝገብ ያሉትን የእሑድ ዜሮዎች ሰርዤ «አልተለካም» አልኩ። በዚያው እስክሪብቶ በእኔ ደብተር ላይ በየረቡዑና በየዓርቡ አጠገብ «አልተወሰደም» ብዬ ጻፍኩ። ላሞቹ ዙሪያዬን ይግጣሉ። ማታ ከእራት በኋላ ኪኒኔን ዋጥኩ።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ቱርሚ

እዚህ ሁሉም ሰው ያልበዋል። መኰንን ያልበዋል፣ አንድ ጭነት መኪና ላይ የተቀመጡት ሐመሮች ያልባቸዋል፣ ፍየሎቹም ጥላ ይሻማሉ። እኔም አልቦኛል፤ የእኔ ላብ የሚጀምረው ግን ከግንባሬ ነው እንጂ ከደረቴ አይደለም። «ይህ የቱርሚ ነው፣ አይቆጠርም» ብዬ ጻፍኩ። የደብተሩ የመጨረሻ መስመር ይኸው ነበር፤ ለሐኪም የተገዛውን ደብተር የመንገዱን ወሬ ሁሉ እየሞላሁ ጨርሼዋለሁ።

ሐሙስ፣ ከኮንሶ ወደ አርባ ምንጭ

ትናንት ረቡዕ ኮንሶ አደርን። እስከ ዘጠኝ ጾሜ፣ ማታ ቁርቁፋ የሚሉትን የማሽላ ድብልብል በሽፈራው ቅጠል በላሁ፤ በላዩም ኪኒኔን። ዛሬ ሐሙስ ነው። ጠዋት መኪናው ውስጥ ስገባ ይመጣል ብዬ መስኮቱ አጠገብ ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። የምጽፍበት ወረቀት ስላልነበረኝ ማመልከቻውን ገልብጬ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

2 ሰዓት፣ የለም። 4 ሰዓት፣ የለም። 6 ሰዓት ተኩል፣ አንድ ጊዜ፣ ቀላል፣ አንገት ላይ ቀረ። 9 ሰዓት፣ የለም።

መኰንን ወደ እኔ ዞር አለ። «እትዬ፣ ዛሬ መስኮቱን አልነኩትም። አሞዎታል እንዴ?»

አዲስ አበባ፣ በሳምንቱ

ለሐኪሜ ሁሉንም ነገርኩት፣ ጾሙንም ጭምር። «አልጠየቅኩዎትማ» አለ፤ ይህን በማለቱ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። አንድ ኪኒን፣ ከእራት ጋር፣ በየቀኑ ብሎ አዲስ ወረቀት ጻፈልኝ፤ ሁለተኛዋም እንዳለች ቀጠለች። ለምርመራም ቀጠረኝ። ደብተሩን አገላብጦ ሲጨርስ «የመጨረሻው ሐሙስስ የታለ?» አለኝ።

ከቦርሳዬ ያቺን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት። በታይፕ በተመታው በኩል ያዛትና ቅር አለው።

«መስክ መውጣት ሊተዉ ነው?»

«ይገልብጡት» አልኩት።