ከሦስተኛ ፎቅ እስከ መጋዘን

ሁለቱ ሣጥኖች ሱቄ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ከርመዋል። ከአንድ ቢሮ አሮጌ ዕቃ ጋር በጅምላ የገዛኋቸው ናቸው። እያንዳንዳቸው ከሳሙና አይበልጡም፤ በአንድ ጎናቸው የድሮ ፕሪንተር ኬብል የሚገባበት ሰፊ መሰኪያ፣ በሌላው ጎናቸው ሽቦ የሚታሰርባቸው አራት ትንንሽ ቪቴ አላቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» ይለኛል ሰው።

«የአጭር ርቀት ሞደም።»

«ኢንተርኔት ያመጣል?»

«አያመጣም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

ማስረዳት ስጀምር ደንበኛዬ በር ላይ ነው። ነጋዴ ስለ ዕቃው ከሁለት ቃል በላይ ካወራ ሽያጩ ሞቷል።

በመጨረሻ የፈለገቻቸው እዚሁ ቀዳማይ ወያነ ገበያ፣ ከእኔ ሦስት በር አልፎ ቆርቆሮና ፌሮ የምትሸጥ ሴት ናት። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ መጋዘኗ ምድር ቤት። ደንበኛ ቢሮዋ ወጥቶ ከፍሎ ሲጨርስ የዕቃ ማውጫው በሦስት ቅጂ ይታተማል፤ በዚያ በመርፌ እየደበደበ በሚጽፈው አሮጌ ፕሪንተር፣ ምክንያቱም አዲሶቹ በካርቦን አሳልፈው ቅጂው ላይ አያትሙም። ወረቀቱን ለደንበኛ አትሰጥም። አንድ ጊዜ ሰጥታ፣ ሃያ ቆርቆሮ የሚለው ወረቀት ደረጃ ላይ ሠላሳ ሆኖ ወርዷል። ስለዚህ የመጋዘኑ ጠባቂ ራሳቸው ወጥተው ይቀበላሉ። እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «አቦይ» ነው የሚላቸው። አንድ ማውጫ እስኪያወርዱ ታች የቆመ ደንበኛ ሰማይና ምድርን ይረግማል።

አንድ ማክሰኞ ሴትየዋ «አቦይን ላሳርፋቸው ነው። የባሌን ወንድም አስገባለሁ» አለችኝ። ማሳረፍ ማለት ምን እንደሆነ ገበያ ውስጥ የማያውቅ የለም።

አፌ ቀደመኝ፤ እንደ እህት ለመንኳት። «ሓፍተይ፣ ሰውየው ከሚወጡ ወረቀቱ ቢወርድስ?»

«እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት አውርድልኝ፤ አቦይ ይቆያሉ። ካላወረድክ ሰኞ የባሌ ወንድም ይገባል።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወንበር ጠላኝ። ሱቄን ከፍቼ እቆማለሁ፣ ዘግቼ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እከፍታለሁ። ሁለቱን ሣጥኖች ጠረጴዛ ላይ በሁለት ሜትር የስልክ ሽቦ አያያዝኳቸው፤ በአንዱ ጫፍ አሮጌ ኮምፒውተር፣ በሌላው ፕሪንተር። አሠራራቸው ይገባኛል፤ ኮምፒውተሩ በስምንት ክር አንዴ የሚወረውረውን አንዱ ሣጥን አሰልፎ በተራ ይልካል፣ ሌላው ተቀብሎ መልሶ ስምንት ያደርገዋል። ሁለት ክር ለመሄጃ ነው፣ ሁለት ክር ለመመለሻ፤ ፕሪንተሩም «ቆይ» የሚልበት መንገድ ይፈልጋልና። ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ አራቱንም እንደየመልካቸው አሰርኩ። ዝም። ለካ አፍን ከአፍ፣ ጆሮን ከጆሮ ጋር አስሬያለሁ። የአንዱን መላኪያ ወደ ሌላው መቀበያ አዛወርኩ፤ በትንሿ ማብሪያ አንዱን ሣጥን «ኮምፒውተር»፣ ሌላውን «ፕሪንተር» አልኩት። ፕሪንተሩ ጮኸ። እኔም ጮህኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሕንፃው ገባሁና ፕሪንተሯን ወደ መጋዘኑ አወረድኩ። ግድግዳው ውስጥ ከቢሮው እስከ መጋዘኑ የሚወርድ የድሮ የውስጥ ስልክ ሽቦ አለ፤ አራት ክር፣ ልክ የምፈልገው። ላይኛውን ሣጥን አሰርኩ፣ ታችኛውን አሰርኩ፣ ሴትየዋን ከቢሮዋ እንድታትም ነገርኳት። ታች ምንም የለም። የሣጥኑ መብራት እንኳ አይጠቅስም።

ሁለቱንም ሣጥኖች ፈታሁ፤ ቴስተር ይዤ ላይ ወጣሁና ለአቦይ በሞባይል ደወልኩ። ታች ሁለቱን ጫፍ ቢያጣምሩ ላይ ቴስተሬ መጮህ አለበት።

«ቀዩንና አረንጓዴውን ያጣምሩ።»

«አጣመርኩ።»

ቴስተሩ ዝም። «በደንብ ነው?»

«ወደይ፣ ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ፌሮ አስሬያለሁ፤ ሁለት ክር ያቅተኛል?»

ቢጫውና ጥቁሩም ዝም። መሐል ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከላይ ጀምሬ የሽቦውን መሸፈኛ በካቻቪቴ እየፈለቀቅሁ መውረድ ጀመርኩ። በዚህ አያያዝ ማታም አልጨርስም። የአቦይን የእግር ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ ደረጃ፣ ዕረፍት፣ አንድ ደረጃ። አንደኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቆመው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

«ሌላ ቦታ አትልፋ። እዚህ ነው።»

«በምን አወቁ?»

«የቆረጥኩት እኔ ነኛ!»

መሸፈኛውን ሳነሳ ሁለት ሜትር የሚሆን ሽቦ የለም። ጫፎቹ በፒንሳ የተቆረጡ ናቸው፣ ልቅም ብለው።

«በጦርነቱ፣ ስልክ የጠፋ ጊዜ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የመጋዘኑ በር መቀርቀሪያ ተሰበረ። ማሰሪያ ሽቦ አንድ ጥቅል አልቀረ፣ ገበያው ተዘግቷል። ይሄ ደግሞ ግድግዳ ውስጥ ተኝቷል። ከእንግዲህ የሚጮህ ስልክ አለ ብዬ አላሰብኩም።»

እኔስ በዚያ ጊዜ የማን እንደሆነ የማላውቀውን የስልክ ሽቦ የልብስ ማስጫ አድርጌው የለ!

«እንዳትነግራት» አሉኝ።

«በሯን ነው ያሰሩላት፣ ምን ትላለች?»

«ሊያሰናብትህ የፈለገ ሰው ምክንያት ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፣ ወደይ።»

ሮጬ ከሱቄ ሽቦ አመጣሁ። እኔ ልጣጩን በጥርሴ ስልጥ እሳቸው ክሩን ያጠማዝዛሉ። «ቀይ ከቀይ ነው?» ይላሉ። «እዚህ ቀይ ከቀይ። ማዛወሩ ታች ነው፣ አንዴ ብቻ። ሁለቴ ካዛወርነው ወደ ነበርንበት እንመለሳለን።» የመጨረሻውን ናስትሮ ስንጠቀልል ሴትየዋ ከላይ ወረደች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«አይጥ ነው፣ ሓፍተይ» አልኩ።

ጎንበስ ብላ ልቅም ብሎ የተቆረጠውን የድሮ ሽቦ ልባስ አየችና ተመልሳ ወጣች። አቦይ እኔን አላዩኝም፣ እኔም አላየኋቸውም። ስድስት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቷል፣ መብራት እንዳይሄድ ደግሞ እጸልያለሁ።

ላይኛውን ሣጥን መልሼ አሰርኩ፤ ታች ወርጄ ታችኛውን አሰርኩ፣ መላኪያውን ወደ መቀበያው አዛወርኩ። መብራቱ ጠቀሰ። ፕሪንተሩ እንደተረገጠ ድመት ጮኸና ወረቀቱ መውጣት ጀመረ፤ ዐሥራ ሁለት ቆርቆሮ፣ አራት ኪሎ ምስማር፣ ሦስቱም ቅጂ። የመመለሻው ክር መሥራቱን ልፈትን ብዬ አቦይን ወረቀቱን እንዲያወጡት ነገርኳቸው። አወጡት። ወዲያው ከላይ በደረጃው የሴትየዋ ጩኸት መጣ። «ኮምፒውተሩ ወረቀት የለም ይለኛል!»

«ዋእ!» አሉ አቦይ ጥርሳቸው እስኪታይ። «ከዚህ ሆኜ አስቆምኳት!»

ሴትየዋ ወርዳ ማውጫውን አነበበች፤ ከመደርደሪያው ጋር አስተያየች።

«አይጧ ፒንሳ ይዛለች» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ሁለታችንም ሣጥኑን እናያለን። መብራቷ ትጠቅሳለች።

«አቦይ፣ ሰኞ ፌሮ ይገባል። በጊዜ ይምጡ።»

«እሺ።»

«የባልሽ ወንድምስ?» አልኩ። አፌ መቼም አያርፍም።

«እሱ ከገባ ሣጥኑ አይቀናም?» አለችና ደረጃውን ጀመረች።

አቦይ ዐሥራ ሁለቱን ቆርቆሮ ሊቆጥሩ ተነሡ። እኔ ሳልሰናበት ወጣሁ፤ የሸጥኩት ዕቃ እየሠራ እያለ አጠገቡ መቆም አልወድም።