ለእኔ ብቻ የሚሸተኝ ጭስ

ነገሩ የሆነው ባለፈው የሙቀት ወራት ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ግራ ይገባኛል፤ አፍንጫዬን ልመን አልመን ገና አላወቅኩም።

መጋላ ሰፈር ውስጥ ቤቴ በራፍ ላይ ቀዝቃዛ ውሃና ጁስ እሸጣለሁ። አንድ ክፉ ጉንፋን ይዞኝ ከለቀቀኝ በኋላ የተቃጠለ ሽቦ ይሸተኝ ጀመር። የሚመጣው ደግሞ ቀትር ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሙቀቱ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት! ደንግጬ የጎረቤቴን የፎዚያን በር እደበድባለሁ። ተነስታ ታሸትታለች፤ ምንም የለም።

"አቦ አስተኚን! ወላሂ ልታሳብጂን ነው" ትለኛለች።

ዕጢ ይሆናል ብዬ ፈራሁና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጭንቅላቴን ኤምአርአይ ተነሳሁ። ሐኪሙ ምስሉን እያሳየ፣ የሽታ መልእክት ከአፍንጫ ጣሪያ ተነስቶ አንጎል ውስጥ እንደሚገባ፣ ከዚያም ትዝታና ፍርሃት ወዳሉበት ቦታ እንደሚሰራጭ አስረዳኝ።

"ከጉንፋን በኋላ አንዳንዴ የሚሸት ነገር ሳይኖር መልእክቱ ብቻውን ይነሳል። ምስሉ ላይ ክፉ ነገር የለም፤ አትጨነቂ" አለኝ።

ደስ አለኝ፤ ግን አልገባኝም። የሌለ ጭስ እንዴት መንገድ ይኖረዋል? አፍጥጬ ባይም የታየኝ ግራጫና ጥቁር ብቻ ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ከእንግዲህ የሰው እንቅልፍ ላልረብሽ ወሰንኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀትር ላይ ጋደም እንዳልኩ ሽታው መጣ። ከወትሮው ጠንከር ያለ መሰለኝ። "ጭንቅላቴ ነው" ብዬ ሻሼን አፍንጫዬ ላይ ጣል አደረግኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ እንኳ፣ "ለካ መልእክቱ ጉሮሮም ይደርሳል" አልኩ።

በሩ ተደበደበ። ከፈትኩ፤ ፎዚያ ናት።

"አንቺ፣ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ? ሳትቀሰቅሺኝ ስትቀሪ የሆነ ነገር የሆንሽ መስሎኝ..." ብላ ሳትጨርስ አፍንጫዋን ያዘች። "ያ አላህ! ቤትሽ እየተቃጠለ ነው!"

ዞር ስል የፍሪጁ ገመድ ቀልጦ እሳቱ መጋረጃውን ይዞታል። እሷ ሮጣ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋች፤ እኔ መጋረጃውን ቦጭቄ አውርጄ ውሃ ደፋሁበት። ከጠፋ በኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷም "አቦ ተይ እንጂ" እያለች አብራኝ አለቀሰች።

ሽታው አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። የትኛው ከሽቦ፣ የትኛው ከጭንቅላቴ እንደሚነሳ መለየት አልቻልኩም። ሲመጣ የፎዚያን በር አንኳኳለሁ። ዓይኗን እያሸች ትመጣና ቤቴ መሃል ቆማ ታሸትታለች።

"የለም፤ ተኚ" ስትለኝ እተኛለሁ።