ያሸግኩት ሱቅ

ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ሳስተምር፣ ገበያ ራሱን በራሱ ያስተካክላል እያልኩ ስንቱን ተማሪ አድርቄዋለሁ። ደብረ ብርሃን የንግድ ቁጥጥር ኃላፊ ሆኜ ስሾም ግን ያ ሁሉ ትምህርት ጠፋኝ፤ የማውቀው ማሸግ ብቻ ሆነ። አንኮበር ያለችው አክስቴ፣ እንደ እናት ያሳደገችኝ፣ ሹመቴን ስትሰማ እልል ብላ ነበር።

ባለፈው ክረምት ከአንኮበር ሪፖርት መጣ። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ዋጋ ያልለጠፈበት አቡጀዴ አከማችቷል ይላል። ክምችት የሚለውን ቃል ሳይ ደሜ ይፈላል። እሸጉት አልኩ። ነጋዴው፣ ሽማግሌ ሰው፣ ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ የሚሸጥ አይደለም። የሰው አደራ ነው።»

«አባት፣ የታሸገበት ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው» ብዬ ሳላስጨርሳቸው አሰናበትኳቸው። የምን አደራ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። የማውቅ ከመሰለኝ መጠየቅ አይሆንልኝም፤ ክፉ አመሌ ነው።

ሳምንት ሳይቆይ አክስቴ አረፈች። ልጇ ደወለልኝ።

«መግነዟ የታሸገው ሱቅ ውስጥ ነው» አለኝ። «ቤት ስናየው ሆዳችን ይባባል ብላ፣ ገዝታ እዚያው አስቀምጣው ነበር። የሰፈሩ ባልቴቶች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። አንተ እዚያ ቢሮ አይደለህ? ማን እንዳሸገው አጣርተህ ንገርልን እንጂ!»

ሌላ ገዝቼ ልምጣ አልኩት።

«እሷ የመረጠችው እያለ?»

መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። ለቀስተኛው ጭጋጉ ውስጥ ሱቁ ደጃፍ ቆሟል። እሽጉን በገዛ እጄ ቀደድኩት። ሽማግሌው ከፍተው ገቡና፣ ከላይኛው መደርደሪያ የአክስቴን ለይተው አውርደው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ምነው በሰደቡኝ።

ከቀብር መልስ የዕድሩ ዳኛ ተነሡ። «ልጃችን ሥራውን ጥሎ ደርሶ ባይከፍትልን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? እግዜር ይስጥልን» አሉ። ድንኳኑ ሙሉ አሜን አለ። ነጋዴውም አብረው አሜን አሉ። ያሸገው ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም ነበር።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ተንሰቀሰቅኩ። ሽማግሌው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ትከሻዬን ያዙ።

«በቃ ልጄ፣ በቃ» አሉኝ።

እኔም እስከ ዛሬ ለዚያ ሰፈር ሰው አልተናገርኩም።