የታመመችው ፍራሽ

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት የሚከራይ ሰው ሁለት ብርድ ይገርፈዋል፤ አንዱ ከሰማይ ይመጣል፣ ሌላው ከአከራይ አፍ። ለሰማዩ ብርድ ጋቢ ይደረባል። ለአከራዩ ብርድ እስካሁን መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ያገኘ ሰው ካለም ለብቻው ይዞት ተቀምጧልና እግዜር ይይለት።

ቃለ አብ ይህንን የተማረው ጠባሴ ሰፈር፣ ወይዘሮ አልታየች ግቢ በገባ በመጀመሪያው ወር ነው። ቃለ አብ የብርድ ልብስ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ብርድ ልብስ ተሸክሞ ይውልና ማታ ከሚስቱ ከሥርጉት ጋር አንዷን ብርድ ልብስ ሲጓተት ያድራል። ቤቷን ያገኛት የጫማው ሶል እስኪያልቅ ከደላላ ኋላ ተንከራትቶ ነው። ቤት እንበላት እንጂ አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ወለሏ ሲሚንቶ፣ ጣሪያዋ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ የሚያለቅስ ቆርቆሮ።

ወይዘሮ አልታየች ክፉ ሴት አይደሉም። ሰው ሲታመም ይጠይቃሉ፣ ሰው ሲሞት ቀድመው ይደርሳሉ። አንድ ዓመል ግን አለባቸው፤ ዓይናቸው ከግቢው በር አይነቀልም። ቃለ አብ የፕላስቲክ ወንበር ይዞ የገባ ዕለት በረንዳቸው ላይ ቆመው መረቁት።

«እሰይ! በደስታ ተቀመጡበት፣ ልጄ!»

በወሩ መጨረሻ ኪራይ ጨመሩ። «ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው መሬት ላይ ከሚቀመጥ ሰው እኩል አይከፍልም» አሉ። በርሜል ሲገባ ጨመሩ። መጋረጃ ሲሰቀል ጨመሩ። ሥርጉት አንድ ቀን ምርር ብሏት «ምነው እትዬ?» ብትላቸው «እጅ ሲረዝም ኪራይም አብሮ ይረዝማል፤ ምን ነውር አለው?» ብለው አረፉት።

ነውር አለው እንጂ! ቤቱ ያው ቤት ነው፤ አንዲት ምስማር አልጨመሩበትም። ወንበሩን የገዛው ቃለ አብ፣ የተሸከመው ቃለ አብ። የወንበሩን ግብር የሚሰበስቡት ወይዘሮ አልታየች በየትኛው ሹመታቸው ነው? ይህን ደፍሮ የጠየቀ ተከራይ ግን አልነበረም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይከፍልና ቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ጀግና ይሆናል። ቃለ አብም ከእነዚያ የበር ውስጥ ጀግኖች አንዱ ነበር።

ታዲያ ሥርጉት ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ ነገር መጣ። የምትተኛው ሲሚንቶው ላይ በተነጠፈ የጭድ ፍራሽ ነው፤ ጠዋት የምትነሳው ወገቧን ይዛ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ የስንቱን ታቦት ስም ጠርታ ነው። ይህ ወሬ እንዴት እንደሄደ እንጃ፣ አንኮበር ጎረቤላ ደረሰ። አባቷ መምሬ ኪዳነወልድ እዚያ አጠገብ ባለች ደብር ቀዳሽ ናቸው። ደወሉ።

«ቃለ አብ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ልጄን አልጋ ላይ ካገኘኋት መርቄያችሁ እመለሳለሁ። ወለል ላይ ካገኘኋት ግን ይዣት እወጣለሁ፤ ጎረቤላ ትወልድ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ቢወለድ ወጉ ነው። ክርስትናው ሳይደርስም አትመለስም።»

ቃለ አብ ስልኩን ዘግቶ ከሥርጉት አጠገብ ተቀመጠ። የልጁን የመጀመሪያ ጩኸት በጆሮው መስማት ፈልጓል። አልጋ ካልገባ ሚስቱ ትሄዳለች። አልጋ ከገባ ደግሞ ኪራዩ ከደመወዙ በላይ ይሆንና አልጋውን ተሸክሞ እንደገና ከደላላ ኋላ መዞር ነው።

«በድብቅ እናስገባዋለና» አለች ሥርጉት።

ልብ በሉ! ሰው በገዛ ላቡ አልጋ ገዝቶ፣ በሬ እንደ ሰረቀ ሌባ በየት ላስገባው ብሎ ይመክራል።

ምክሩ ላይ ጎረቤታቸው ዘይኑልአቢዲን ተጨመረ። ዘይኑ የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፤ ከሚስቱ ከአፊፋ ጋር ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ተከራይቷል። የእሱ ክፍል በግቢው የታወቀች ናት፤ ቀይ መጋረጃ የተጋረደበት መስኮት አላት። ወይዘሮ አልታየች መስኮቱን መቼ እንዳወጡት ባያስታውሱም ለመጣ ተከራይ ሁሉ ይኮሩበታል። «ለዘይኑ እንኳ ሳይጠይቀኝ መስኮት አውጥቼለታለሁ» ይላሉ። ያኔ ዘይኑ አንገቱን ይደፋል።

«አልጋውን እዚያው ጣውላ ቤት አስፈታው» አለ ዘይኑ። «ክፍል በክፍል እናስገባዋለን። ወላሂ፣ ዝሆንም ከተበለተ በዚህ በር ይገባል።»

ሰኞ ጎንና ጎኑን ከነርብራቡ በገመድ አስረው ይዘው ሲገቡ ወይዘሮ አልታየች በረንዳ ላይ ነበሩ።

«ምንድን ነው?»

«ማገዶ ነው፣ እትዬ» አለ ቃለ አብ።

«ማገዶው መላጊያ ገብቶበታል እንዴ?»

«የጣውላ ቤት ትርፍራፊ ነው።»

«ቫርኒሽ ተቀብቶ?»

«ቶሎ እንዲይዝ ነው» አለ ዘይኑ ጣልቃ ገብቶ።

ራስጌውና ግርጌው ማክሰኞ ገቡ። አናጢው ሳይጠየቅ ራስጌው ላይ ሁለት ርግቦች ቀርጾበታል፤ አፍ ለአፍ ገጥመዋል። ዘይኑ የባጃጅ መደገፊያ ነው ብሎ አሳለፈው። ወይዘሮ አልታየች ባጃጁን አዩ፣ ርግቦቹን አዩ፣ «ዘመኑ!» ብለው ገቡ።

ጭንቁ ፍራሹ ነበር። ስፖንጅ ፍራሽ ማገዶ ነው አይባል፣ የባጃጅ ዕቃ ነው አይባል። አፊፋ ናት መላውን ያመጣችው። ፍራሹን አጥፈው ጋቢ አለበሱት፣ በላዩ ሻሽ አሰሩለት፣ ባጃጁ ውስጥ አስቀምጠው ግራና ቀኝ ሥርጉትና አፊፋ ደግፈው ያዙት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ አልታየች ከበሩ ሥር ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ።

«ማናት?»

«የሥርጉት አክስት ናት» አለ ቃለ አብ፣ ላቡ ጀርባው ላይ እየወረደ። «ከጎረቤላ መጣች። ወገቧ ተይዞ።»

ወይዘሮ አልታየች ሽንኩርቱን አስቀምጠው ወደ ባጃጁ ጎንበስ አሉ። «እግዚአብሔር ይማርሽ፣ እናቴ።»

ፍራሹ ዝም አለ።

«አፏም ተይዟል?»

«አፏም» አለች ሥርጉት፣ ሻሹ ውስጥ ፊቷን ቀብራ። ሳቋን ልትደብቅ ነው፤ ወይዘሮዋ ግን ልቅሶ መስሏቸው አብረው ዓይናቸውን ጠረጉ። ዘይኑ «ቢስሚላህ» ብሎ ባጃጁን አስነሳው፤ ትንሽ ቢቆይ በሳቅ ሊፈነዳ ነበር።

«ልጄ!» አሉ ከኋላ። «እንግዳዋ የምትሰነብት ከሆነ ለውኃ ይታሰባል!»

በማግስቱ ለታማሚዋ በትልቅ ጣሳ አጥሚት ላኩ። ዓርብም ላኩ። ሥርጉት ጠጣችው። «እንደ አክስቴ ያለ ሰው የለም» ትላለች፣ ፍራሹን መታ መታ እያደረገች። አልጋው ከተገጠመ ወዲህ ወገቧ ቀና ብሏል፤ ታቦት መጥራቱንም ቀንሳለች።

ቅዳሜ መምሬ ኪዳነወልድ መጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ የጸበል ዕቃቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ግቢ ሲገቡ ወይዘሮ አልታየች ሮጠው መስቀል ተሳለሙ።

«እህትዎ እንዴት አደሩ፣ መምሬ?»

«የቷ እህቴ?»

«ወገባቸው የተያዘው ናቸዋ።»

«እኔ እህት የለኝም፣ ልጄ። እናቴ የወለደችው እኔን ብቻ ነው።»

ቃለ አብ ከቤቱ በር ሮጦ ደረሰ። «የሩቅ… በሥጋ ሳይሆን…» እያለ አማቱን በክንዳቸው ይዞ ወደ ቤት አስገባቸው። መምሬ ግን አንዴ ከገቡ ሌላው ሁሉ ጠፋባቸው። ልጃቸው አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ርግቦቹን አዩ፣ ፍራሹን በእጃቸው ተጫኑ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ተመስገን! ልጄን አከበርካት። ቁሙ፣ ላመስግን!»

የመምሬ ድምፅ እንደ ዋዛ የሚታይ ድምፅ አይደለም። ከአንኮበር ገደል አፋፍ ቆመው ማዶ ያለውን ሰው በስሙ ጠርተው የሚያስመልሱ ሰው ናቸው። ጸበሉን እየረጩ ቀጠሉ። «ይህን አልጋ ከነራስጌው ከነግርጌው ይባርክ! ይህን አዲስ ፍራሽ ይባርክ! በዚህ አልጋ ላይ…»

«አባቴ፣ ቀስ ብለው! እባክዎን ቀስ!»

«በረከት በሹክሹክታ አይወርድም!» ብለው ጭራሽ ከፍ አደረጉት። «ይህን አልጋ…!»

በሩ ላይ ጥላ አጠላ። ወይዘሮ አልታየች አልጋውን አዩ። ርግቦቹን አወቋቸው። ከዚያ ዓይናቸው ፍራሹ ላይ ወረደና እዚያው ቀረ።

«አጥሚት ስልክ የሰነበትኩት ለዚህች ነው?»

ሥርጉት የፍራሹን ጫፍ በጋቢዋ ሸፈነች።

«የስፖንጅ ፍራሽ ነው እግዚአብሔር ይማርሽ ያልኩት? ያለቀስኩት? ጎሽ! እንግዲህ እጃችሁ ረዝሟል ማለት ነው። ከመጪው ወር ኪራዩን በእጥፍ፤ ካልሆነ በሩ ያውላችሁ!»

መምሬ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ ወለል ላይ ብትተኛ ይሻለኝ ነበር፣ ቃለ አብ። ውሸት ላይ አስተኛሃት። ተነሽ ሥርጉት፣ እንሂድ።»

ሥርጉት አልጋውን በሁለት እጇ ያዘች። «አባዬ፣ ውሸቱ የእኔም ነው። ግን እርስዎ አልጋ አሉ፣ እሳቸው አልጋ ካለ ውጡ አሉ። እኛ በየት እንሂድ?»

ያኔ ቃለ አብ ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ። ስንት ወር በሩን ዘግቶ ለግድግዳ ሲናገረው የኖረው ሁሉ አንዴ ጉሮሮው ላይ መጣ።

«እትዬ፣ ኪራዩን የሚያስጨምረው አልጋው ነው?»

«አልጋው ነው።»

«እንግዲያው አልጋው ይውጣ!»

የብሎን ቁልፉን አነሳ። አልጋውን ፈታ፣ ተሸክሞ አወጣ፣ ግቢው መሀል ከወይዘሮ አልታየች በረንዳ ፊት ለፊት መልሶ ገጠመው። ፍራሹን አነጠፈ። ሥርጉት መጥታ ተጋደመች፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች።

«ቤቱን ይዩት፣ እትዬ። ባዶ ነው። በባዶ ቤት ዋጋ እከፍላለሁ።»

ዘይኑ ከበሩ ሆኖ ይህን አየ። «ያ ረቢ! ቃሌ አልጋውን አውጥቶ እኔ ልደበቅ?» ብሎ ገባ። ቀዩን መጋረጃ ገፎ፣ ከሥሩ የነበረውን ትልቅ ቴሌቪዥን አቅፎ ወጣ።

«መስኮቴ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ አልታየች።

«መስኮትዎ በሪሞት ነው የሚከፈተው፣ እትዬ።»

በማዕዘኗ ክፍል የምትኖረው ቆሎ ሻጯ ወለተሐና ደግሞ ቤቷ ገብታ የገብስ ጆንያዎቿን ትወረውር ጀመር። ወይዘሮዋ በየሳምንቱ «ይኼ ገብስ አያልቅም?» የሚሉት ክምር ከሥሩ ሶፋ ሆኖ ተገኘ። እየጎተተች አወጣችና ተቀመጠችበት። «ከገዛሁት ጀምሮ ዛሬ ገና ቁጭ አልኩበት» አለች፤ እውነቷን ነው።

የቅዳሜ ገበያ መመለሻ ሰዓት ነበርና መንገደኛው በበሩ እያየ ይቆም ጀመር። «ሰርግ ነው?» ይላል አንዱ። «ሐራጅ ነው» ይላል ሌላው። በዚህ መሀል ከአንኮበር በኩል የተነሳ ጥቁር ደመና ግቢው ላይ ደረሰ። አንዲት በረዶ ርግቦቹ ላይ ጠብ አለች። ሌላዋ ቴሌቪዥኑ ላይ ቋ አለች።

ወይዘሮ አልታየች ደመናውን አዩ፣ እርጉዟን አዩ፣ በበሩ የተሰበሰበውን ሕዝብ አዩ። ከሕዝቡ መሀል የእድራቸው ሴቶችም አሉበት።

«ምን ታያላችሁ? አስገቡ እንጂ!»

«በስንት?» አለ ቃለ አብ። ከአልጋው አልተንቀሳቀሰም። ሥርጉትም አልተንቀሳቀሰችም፤ ብርድ ልብሱን ብቻ ራሷ ላይ አደረገች።

«ሴትየዋ በበረዶ ትመታ ነው?»

«በስንት፣ እትዬ?»

በረዶው ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። «በድሮው! በድሮው አስገቡ!»

«ሁላችንም?» አለ ዘይኑ፣ ቴሌቪዥኑን በጃኬቱ ሸፍኖ።

«ሁላችሁም! ብቻ አስገቡ!»

ቃለ አብ ወደ አማቱ ዞረ። «አባቴ፣ ሰምተዋል?»

መምሬ ኪዳነወልድ መዋሸት አይችሉም፤ ቀስ ብለው መናገርም አይችሉም። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ በረዶው ጥምጥማቸውን እየቀጠቀጠው፣ በዚያ ገደል በሚያሻግር ድምፃቸው አወጁ፦

«ወይዘሮ አልታየች ሁሉንም በድሮው ኪራይ አስገቡ ብለዋል! ሰምቻለሁ!»

ጠባሴ በሙሉ ሰማ። በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ በኋላ ሩጫ ሆነ፤ ቃለ አብ ሚስቱን፣ ዘይኑ መስኮቱን፣ መንገደኛው ሶፋውን። የፍራሹን አንድ ጫፍ የሚይዝ ሰው ስለጠፋ ወይዘሮ አልታየች ራሳቸው ይዘው ገቡ፣ «አንቺን ብሎ በሽተኛ» እያሉ።

አልጋው ተመልሶ ተገጠመ። መምሬ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ጥምጥማቸውን እያራገፉ ቆርቆሮውን ሰሙት፣ ከጣሪያው የሚያንጠባጥበውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ሥርጉት ከድካሟ የተነሳ ወዲያው እንቅልፍ ወስዷታል።

«እዚሁ ትውለድ» አሉ በመጨረሻ። «የውሸቱን ግን ንስሐ ትገባላችሁ።»

«እሺ፣ አባቴ» አለ ቃለ አብ፤ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ አልታየች ናቸው፤ በእጃቸው ትኩስ አጥሚት በጣሳ ይዘዋል።

«ለሥርጉት ነው። አሁን የሚጠጣ ሰው ይጠጣው» ብለው ሰጡትና አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገው መምሬን አዩ።

«መምሬ፣ እዚህ ያድራሉ?»

«አድራለሁ፣ ልጄ። በዚህ በረዶ የት እሄዳለሁ?»

«ይደሩ፣ ይደሩ። ብቻ ለውኃ ይታሰባል።»